ዳቦን በቤት ውስጥ በማሽን መጋገር ስንፍና ነውን?



ባለፈው መንፈቅ ዓመት በክፍላችን በተደረገ አንድ የክርክር ሰዓት ላይ «ዘመናዊ የቤት ዕቃ ሰውን ያሰንፋል ወይስ ያበረታል?» የሚል ጥያቄ ቀርቦ ነበር። እኔም «ያበረታል» ከሚለው ወገን ቆሜ ስናገር ምሳሌ ያደረግሁት በቤታችን ያለውን ዳቦ መጋገሪያ ማሽን ነበር። ንግግሬን ሳልጨርስ ከኋላ ወንበር አንዱ ጓደኛዬ፥ «ዳቦውን የምትጋግረው አንተ ነህን?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎን» ባልሁ ጊዜ ክፍሉ በሙሉ በሣቅ ተናወጠ። ክርክሩም በዚያው ተፈታ፤ የእኔ ወገንም ተሸነፈ። ነገር ግን በሣቅ የተሸነፈ ሐሳብ በእውነት ተሸንፏል ማለት አይደለምና፥ በዚያን ቀን ያልጨረስሁትን ቃል ዛሬ በዚህ መጽሔት ለመጨረስ ፈለግሁ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። እኛ የምንኖረው በደብረ ብርሃን ከተማ ነው። የደብረ ብርሃንን የጥዋት ብርድ የቀመሰው ያውቀዋል። እናቴ ወደ መሥሪያ ቤቷ ከመሄዷ በፊት፥ ለእኔና ለሦስቱ ታናናሾቼ ቁርስ የሚሆነውንና ለትምህርት ቤት የምንይዘውን ዳቦ ለመግዛት፥ ጉም ሳይገለጥ ነጠላዋን ተከናንባ ከዳቦ ቤት ደጃፍ ሰልፍ ትይዝ ነበር። አንዳንድ ቀን ተራዋ ሳይደርስ ዳቦው ያልቃል። ሌላም ቀን ይደርሳታል፤ ነገር ግን ዋጋው ያው ሆኖ ዳቦው አንሶ ይገኛል። አንድ ቀን ትንሿ እኅቴ ዳቦውን በሁለት እጇ ይዛ፥ «እማዬ፥ ዳቦው ታሟል እንዴ? ከሳ እኮ» ብላ ሁላችንንም አሣቀችን። እናቴ ግን አልሣቀችም።

ይህን የምጽፈው በዳቦ ቤቶች ላይ ለመፍረድ አይደለም። የዱቄቱ፥ የማገዶው ወይም የኤሌክትሪኩ፥ የሠራተኛውና የቤት ኪራዩ ዋጋ ሁሉ በዳቦው ላይ እንደሚቈጠር ዐውቃለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ከምድጃ ፊት ቆሞ ለከተማው ሕዝብ ዳቦ የሚያደርስ ሰውም ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባውም። እኔ የምለው፥ የሚችል ቤተሰብ የዕለት ዳቦውን በቤቱ ቢጋግር፥ ሰልፉም ያጥራል፤ ኪስም ያርፋል ነው።

በዚህ መካከል አሜሪካን አገር የሚኖሩት አክስቴ ሲጠቀሙበት የነበረውን ዳቦ መጋገሪያ ማሽን በአንድ መንገደኛ እጅ ላኩልን። ማሽኑ ቁመቱ ከውኃ ባልዲ የማይበልጥ ሣጥን ነው። በውስጡ አንድ የብረት ዕቃ፥ በዕቃውም ግርጌ የምትዞር ትንሽ መቅዘፊያ አለችው። ውኃ፥ ዱቄት፥ ጨው፥ ስኳር፥ ዘይትና እርሾ ተመጥኖ ከገባበት በኋላ፥ አሽቶ፥ አሳርፎ፥ ኩፍ አሰኝቶ፥ በመጨረሻም በዚያው ዕቃ ውስጥ ጋግሮ ይጨርሳል። ይህ ሁሉ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ሰው የሚደክምበት ግን ከዐሥር ደቂቃ አይበልጥም። አያቴ ስሙን ለመጥራት ስለማይመቻቸው «መኪናው» ይሉታል፤ ከልብስ ስፌት መኪና ጋር ዘመድ አድርገውታል።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው፥ የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነው። የአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የአገራችን ግን 220 ቮልት ነው። ይህን በክፍል ተምሬ በፈተናም መልሼው ነበር። ነገር ግን ማሽኑ በመጣበት ማታ፥ ታናናሾቼ ከበው ሲመለከቱኝ፥ ዐዋቂ ለመምሰል ስቸኵል ከሥሩ የተጻፈውን ሳላነብ በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ሰካሁት። አንድ ጊዜ ጧ አለ፤ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታም ቤቱን መላው። እናቴ አልተቈጣችም፤ መስኮቱን ከፍታ ዝም አለች። እኔን የጎዳኝ ያ ዝምታዋ ነው። በማግሥቱም እንደ ቀድሞው ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ሰልፉ ሄደች።

ማሽኑ በአንድ ጠጋኝ ዘንድ ሦስት ሳምንት ቆይቶ፥ የተቃጠለው ፊውዝ ተለውጦለት ተመለሰ። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመርም ገዛን፤ ገንዘቡን የከፈልሁት በክረምት ወፍጮ ቤት ተቀጥሬ ካገኘሁት ነው። በዚህ አጋጣሚ ከውጭ አገር ዕቃ ለሚላክላቸው ቤተሰቦች ሁለት ነገር ላስታውስ። አንደኛ፥ ትራንስፎርመሩ የሚችለው ዋት ማሽኑ ከሚፈልገው ዋት መብለጥ አለበት። ሁለተኛ፥ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ድግግሞሹን አይለውጥም፤ የአሜሪካው 60 ኸርዝ ሲሆን የእኛው 50 ስለ ሆነ፥ በዚያ ልክ የተሠራ ሞተር እኛ ዘንድ ቀስ ብሎ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ከመሰካት በፊት ማንበብ ይቀድማል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ሁሉ የተስተካከለ መስሎኝ ነበር። መመሪያው እንዳዘዘው መጥኜ አስገባሁ። ሊጡ በፍጥነት ኩፍ ብሎ ክዳኑን ሊነካ ደረሰ፤ በመጋገር ላይ ሳለ ግን መካከሉ ሰመጠ። ሲቆረጥም ጠርዙ ደረቅ፥ መካከሉ ሊጥ ሆኖ ተገኘ። እንደ ገና ሞከርሁ፤ እንደ ገና ሰመጠ። በሦስተኛው ጊዜ አያቴ ከመደባቸው ተነሥተው በክዳኑ ላይ ባለችው የመስተዋት መስኮት አጎንብሰው ተመለከቱና፥ «ልጄ፥ ይህ ሊጥ ቸኵሏል። እርሾው በዝቶበታል። ሊጥ አቅም ሳያበጅ ከተነፋ ይወድቃል» አሉኝ። እኔም በልቤ «አያቴ መኪናውን መቼ ዐውቀውት ነው?» ብዬ ቃላቸውን ናቅሁ። ይህን ስጽፍ ዐፍራለሁ፤ እውነት ስለ ሆነ ግን አልደብቀውም።

በማግሥቱ ነገሩን ለፊዚክስ መምህራችን ብነግራቸው፥ «ከተማችን ከባሕር ወለል ምን ያህል ከፍ ትላለች?» ብለው ጠየቁኝ። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ግፊት 70 ከመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ውኃም 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ይፈላል። እርሾ ስኳሩን እየበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ያወጣል፤ ሊጡን ኩፍ የሚያሰኘው ይህ ጋዝ ነው። ከላይ የሚጫነው አየር ሲሳሳ ያው ጋዝ ይበልጥ ይሰፋል፤ ሊጡም ፈጥኖ ይነሣል። በሌላ በኩል በስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከውኃ ጋር ሲታሽ ግሉተን ይሆንና ጋዙን እንደ መረብ ይይዘዋል። መረቡ ሳይጠነክር ጋዙ ከወጠረው ግን ይበጠሳል፤ ዳቦውም ይሰምጣል። የማሽኑ መመሪያ የተጻፈው ከባሕር ወለል ብዙ ከፍ ለማይል አገር ስለ ሆነ ለእኛ ደጋ የእርሾው ልክ ይበዛል።

እንግዲህ አያቴ በሦስት አጭር ዐረፍተ ነገር የተናገሩትን እኔ በሁለት ገጽ ማስታወሻ ጻፍሁት ማለት ነው። አያቴ «የአየር ግፊት» የሚለውን ቃል አያውቁም፤ ሊጡን ግን ያውቁታል። ማሽኑ ደግሞ ደቂቃ ይቈጥራል እንጂ ሊጥ አያይም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዳቦው ሥራ በቤታችን የሦስት ሆነ፤ የማሽኑ፥ የእኔና የአያቴ።

ከብዙ ሙከራ በኋላ በቤታችን የጸናው ምጥን የሚከተለው ነው። ዱቄት 500 ግራም፥ ውኃ 320 ግራም ያህል፥ ጨው 8 ግራም፥ ስኳር አንድ የሾርባ ማንኪያ፥ ዘይት ሁለት የሾርባ ማንኪያ፥ ደረቅ እርሾ 3 ግራም፤ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። መመሪያው 5 ግራም ይል ነበር። ከዱቄቱ ሁለት እጁ ፉርኖ፥ አንድ እጁ ስንዴው ከነገለባው ወፍጮ ቤት የተፈጨ ነው። የወፍጮ ቤቱ ዱቄት ሲበዛ ገለባው የግሉተኑን መረብ ስለሚቆራርጠው ዳቦው ከፍ አይልም፤ ነገር ግን ጣዕሙ ይበልጣል፤ ያጠግባልም። በእኛ ማሽን መጀመሪያ ውኃውና ዘይቱ፥ ቀጥሎ ዱቄቱ ይገባል፤ እርሾው ከላይ በደረቁ ዱቄት መካከል ጉድጓድ ተደርጎለት ከጨው ርቆ ይቀመጣል። መታሸት ከጀመረ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ክዳኑን ከፍቶ በጣት መንካት ያስፈልጋል። ሊጡ ተድቦልቡሎ፥ ለስልሶ፥ ጣት ላይ ጥቂት ብቻ ያዝ ካደረገ ደግ ነው፤ ከቀጠነ አንድ ማንኪያ ዱቄት፥ ከጠጠረ አንድ ማንኪያ ውኃ ይጨመራል። ዳቦው እንደ በሰለ ወዲያው ከዕቃው ማውጣት ይገባል፤ እዚያው ከቆየ በእንፋሎቱ ይረጥባል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንለፍ። የገበያ ዋጋ ስለሚለዋወጥ የብሩን ልክ አልጠቅስም፤ እያንዳንዱ ቤት በራሱ ገበያ ያስላው። ልኩ ግን አይለወጥም። 500 ግራም ዱቄት 750 ግራም ያህል የተጋገረ ዳቦ ይወጣዋል፤ የሚጨምረው ውኃው ነው። በቀን አንድ ዳቦ የሚጋግር ቤተሰብ አንድ ኩንታል ዱቄት 200 ቀን ያደርሰዋል። ለአንድ ዳቦ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው። የእንጀራ ምጣድ በሰዓት ከሦስት እስከ አራት ኪሎዋት ሰዓት ከሚፈጀው ጋር ስናስተያየው ይህ ጥቂት ነው። እኔና እናቴ ወጪውን በደብተር ጽፈን፥ የገዛነውንና የጋገርነውን ዳቦ በሚዛን አስተያይተን፥ የቤቱ ረክሶ አግኝተነዋል።

ነገር ግን እውነቱን ሙሉ በሙሉ መናገር ይገባል። እኛ ማሽኑን በስጦታ አገኘነው። በገንዘቡ የሚገዛው ሰው የማሽኑን ዋጋ በሚጋግረው ዳቦ ቍጥር ማካፈል አለበት። በየቀኑ የሚያሠራው ሰው ዋጋውን ቀስ በቀስ ይመልሳል፤ በወር አንድ ጊዜ አውጥቶ ለእንግዳ የሚያሳየው ግን ጌጥ ገዛ እንጂ ዳቦ አልገዛም። ለብዙው ቤተሰብ ደግሞ ዋጋው ከአቅም በላይ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደ ተባለ፥ ሦስት ወይም አራት ጎረቤቶች ዕቁብ እንደሚጥሉ ሆነው አንድ ማሽን በጋራ ቢገዙ ምን ይከለክላቸዋል? ማሽኑ በቀን ውስጥ ሦስትና አራት ጊዜ ሊጋግር ይችላልና ተራ ማድረግ ቀላል ነው። ይህም ካልተቻለ፥ ያንኑ ምጥን በእጅ ሩብ ሰዓት አሽቶ በድስት መጋገር ይቻላል። ዋናው ዕውቀቱ ነው፤ ማሽኑ ረዳት ነው።

የመብራትንም ነገር አልረሳም። ማሽናችን ሰዓት ስለሚሞላ ማታ በ3 ሰዓት አዘጋጅቼው እተኛለሁ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ዳቦው ደርሶ ይጠብቀናል። መብራት በሌሊት ከሄደ ግን ማሽኑ የጀመረውን ይረሳዋል። በመጀመሪያው ጊዜ የኮመጠጠ ሊጥ ጣልን። በሁለተኛው ጊዜ አያቴ ሊጡን ከዕቃው አውጥተው፥ ድስቱን ዘይት ቀብተው፥ ከታችና ከክዳኑ በላይ ከሰል አድርገው ጋገሩት። ያን ቀን የበላነው ዳቦ እስከ ዛሬ ከበላነው ሁሉ ይጥም ነበር። እኔም ማሽን ያለው ሰው ያለ ማሽን መሥራትን ካላወቀ የማሽኑ ባሪያ እንደሚሆን ከዚያ ተማርሁ።

አንዳንድ ሰዎች «ማሽን የእጅን ሙያ ያጠፋል» ይላሉ። ይህ ስጋት ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የዚህ ማሽን የገዛ ታሪኩ ሌላ ነገር ያስተምረናል። የመጀመሪያውን የቤት ዳቦ መጋገሪያ ማሽን ለገበያ ያቀረበው ማትሱሺታ ይባል የነበረው የጃፓን የኤሌክትሪክ ዕቃ ኩባንያ ሲሆን፥ ዘመኑም 1979 ዓ. ም.፥ በአውሮፓ አቈጣጠር 1987 ነው። ኖናካ የተባሉት የጃፓን የአስተዳደር ሊቅ እንደ ጻፉት፥ መሐንዲሶቹ በመጀመሪያ የሠሩት ማሽን ቅርፊቱን እያሳረረ ውስጡን ጥሬ ያደርግ ነበር። በዚህ ጊዜ ኢኩኮ ታናካ የምትባል የኩባንያው ባለሙያ፥ በኦሳካ ከተማ ባለ አንድ ታዋቂ ሆቴል ዋና ዳቦ ጋጋሪ ዘንድ ሄዳ እንደ ደቀ መዝሙር ሊጥ ማሸት ተማረች። ጋጋሪው ሊጡን ሲያሽ እየሳበ እንደሚጠመዝዘው በዐይኗም በእጇም ዐወቀች። ከዚያ በኋላ መሐንዲሶቹ ይህንኑ እንዲያደርግ በዕቃው ውስጥ ለሊጡ መያዣ የሚሆኑ ጎበጥ ያሉ መስመሮች አበጁለት፤ ማሽኑም ተሳካ። እንግዲህ ማሽኑ የተወለደው ከእጅ ሙያ ነው። ያ ጋጋሪ ባይኖር ማሽኑ ባልኖረም ነበር። በእኛም ቤት አያቴ ባይኖሩ ማሽኑ የሰመጠ ዳቦ እንደ ጋገረ በቀረ ነበር።

ስለዚህ የእናቶቻችንን ሙያ የሚያጠፋው ማሽኑ አይደለም፤ ሳንጠይቃቸው መቅረታችን ነው። ለዓመት በዓል የሚደፋውን ድፎ ዳቦ፥ ለቡሄ የሚጋገረውን ሙልሙል ማሽን አይተካውም፤ እንዲተካውም አልመኝም። ባለፈው የገና በዓል ግን አያቴ ክንዳቸውን ስላመማቸው፥ «እስቲ መኪናው ያሽልኝ» አሉ። ማሽኑ ማሸት ብቻ የሚሠራበት ቍልፍ አለውና በሁለት ጊዜ አሽቶ ሰጣቸው። ጥቁር አዝሙዱንና ድንብላሉን እርሳቸው ጨመሩ፤ ኮባውን እርሳቸው አነጠፉ፤ እሳቱንም እርሳቸው ለኩ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ጻፍሁ። «ምን ትጽፋለህ?» ቢሉኝ «ሙያዎን» አልኋቸው። «ሙያ ይጻፋል እንዴ?» ብለው ሣቁ፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ዝግ እያሉ ይነግሩኝ ጀመር።

አሁን በክፍል ወደ ተሣቀብኝ ነገር ልመለስ። «ወንድ ወደ ችሎት፥ ሴት ወደ ማጀት» የሚለው ምሳሌ ከጥንት የመጣ ነው። እኔ አባቶችን ለመንቀፍ አልነሣም። ነገር ግን ዛሬ እኅቶቻችን ወደ ችሎቱም ወደ መሥሪያ ቤቱም ሄደዋል፤ እናቴም በየቀኑ ትሄዳለች። እነርሱ የእኛን ሥራ ሲካፈሉ እኛ የእነርሱን ሥራ ለመካፈል ካፈርን፥ ሸክሙ ሁሉ በአንድ ትከሻ ላይ ቀረ ማለት ነው። ደግሞስ ከተማውን የሚመግቡት ዳቦ ጋጋሪዎች ብዙዎቹ ወንዶች አይደሉምን? ለገንዘብ ሲጋገር የማያሳፍር ሥራ ለእናት ሲጋገር የሚያሳፍርበት ምክንያት አይገባኝም።

እንግዲህ «ዳቦን በቤት ውስጥ በማሽን መጋገር ስንፍና ነውን?» ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ማሽኑን አምኖ ዕውቀትን የተወ ሰው ሰነፍ ነው። በማሽኑ ጊዜ አትርፎ ጊዜውን ለሚረባ ነገር ያዋለ ግን ሰነፍ አይባልም። እናቴ ዛሬ በጥዋት ሰልፍ አትቆምም። ከታናናሾቼ ጋር ተቀምጣ ቡናዋን ትጠጣለች፤ ትንሿ እኅቴም ቁርስ እስኪቀርብ ድረስ የንባብ መጽሐፏን ታነብላታለች። ይህ ግማሽ ሰዓት ከየትም አልመጣም፤ ከሰልፉ የተመለሰ ነው።

በመጨረሻ፥ ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። አንድ ማሽን ተውሰን፥ የልዩ ልዩ ወፍጮ ቤቶችን ዱቄት እየመዘንን፥ ለከተማችን ከፍታ የሚስማማውን የእርሾና የውኃ ልክ ብናወጣና ለወላጆች ብናድል፥ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ከጥቁር ሰሌዳው ወርዶ ወደ ገበታችን ይደርሳል። ማሽኑን እኔ ከቤት አመጣለሁ፤ ትራንስፎርመሩንም አልረሳም። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር የጠየቀኝ ጓደኛዬ የመጀመሪያውን ቍራሽ እንዲቀምስ ከአሁኑ ጋብዤዋለሁ። በጽሑፌ ስሕተት የተገኘ እንደ ሆነ ግን አንባቢዎች በቅንነት እንዲያርሙኝ እለምናለሁ።